በውጭ አገር ሆቴል አስተማማኝ ኢንተርኔት ስለ ማግኘት

(በራዲዮ የተነገረ)



በቀድሞ ዘመን ከአባቶቻችን አንዱ ሩቅ አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነበር። በሶው ተፈጭቶ፥ ዳቦ ቆሎው ተቆልቶ፥ ቋንጣው ደርቆ በስልቻ ከተሰናዳ በኋላ በቅሎው ትጫናለች፤ መንገደኛውም ቤተ ሰቡን ተሰናብቶ ይነሣል። በመንገድ ላይ ሲመሽበት «የመሸበት እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ» ቢል የሚያስጠጋው ቤት አያጣም ነበር። ይሁን እንጂ ባለቤቱ የሚያቀርብለት ቤት ያፈራውን ስለ ሆነ፥ አስተዋይ መንገደኛ በሰው ቤት ተማምኖ የራሱን ስንቅ ትቶ አይወጣም ነበር።

በዛሬው ጊዜ ግን መንገደኛ በአይሮፕላን ተሳፍሮ ባንድ ሌሊት ከአዲስ አበባ ዴልሂ ወይም ጓንዡ ይደርሳል። ምግቡ በአይሮፕላን ውስጥ ይቀርብለታል፤ ማደሪያውም ገና ከቤቱ ሳይወጣ ይያዝለታል። ከዚህ የተነሣ ስንቅ የሚባለው ነገር የቀረ ይመስላል። ዳሩ ግን በበሶው ምትክ ሌላ ስንቅ መጥቶአል፤ ይኸውም ኢንተርኔት ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ በምሳሌ እንየው። አንድ ልጅ የታመመች እናቱን ለማሳከም ወደ ኒው ዴልሂ ይዞ ሄደ እንበል። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገረው። በዚያች ማታ ልጁ ሦስት ሥራ አለበት። አንደኛ፥ በመሣሪያ የተነሣውን የእናቱን የምርመራ ምስል በአዲስ አበባ ላለው ለቀድሞ ሐኪምዋ መላክ፤ ሁለተኛ፥ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ተነጋግሮ አሳባቸውን መቀበል፤ ሦስተኛ፥ የሕክምናው ገንዘብ የሚላክበትን ጉዳይ ማስፈጸም ነው። ያረፈበት ሆቴል በግድግዳው ላይ «ነጻ ዋይፋይ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎአል። ልጁ ስልኩን ሲከፍት ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ምስሉ አይሄድም፤ የእኅቱም ድምፅ እየተቆራረጠ ይጠፋል። እርስዋ በአዲስ አበባ «እናቴ ምን ሆነች?» እያለች ትጨነቃለች፤ እርሱም በዴልሂ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ከክፍሉ ወደ መተላለፊያው፥ ከመተላለፊያው ወደ ደጅ ይንከራተታል።

እንግዲህ በዛሬው ንግግሬ ልገልጥላችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። «ኢንተርኔት አለ» ማለትና «ኢንተርኔት ይሠራል» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆቴሉ በማስታወቂያው ተስፋ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ግን መንገደኛው ራሱ በመጠየቅ፥ በመፈተንና የራሱን ስንቅ በመያዝ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ይህን ለማድረግ ከሁሉ በፊት የሆቴል ኢንተርኔት ስለ ምን እንደሚደክም ማወቅ ያስፈልጋል። ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔትን ያለ ገመድ፥ በራዲዮ ሞገድ አማካይነት፥ ከአንዲት ትንሽ መሣሪያ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር የሚያደርስ ዘዴ ነው። የዚህ ዘዴ የመጀመሪያው የሥራ ደንብ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 ዓ. ም. ሲሆን፥ ዋይፋይ የሚለው ስም የወጣለት በ1999 ዓ. ም. ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ነገር ግን ዋይፋይ የመንደር ቦኖ ሲሆን ኢንተርኔት በቦኖው ውስጥ የሚመጣው ውሃ ነው። በስልካችሁ ላይ የሚታየው ምልክት ሙሉ መሆኑ የሚያስረዳው ወደ ቦኖው መቅረባችሁን ብቻ ነው እንጂ ውሃ መኖሩን አይደለም።

የመጀመሪያው የድካም ምክንያት ቦኖው አንድ፥ ቀጂው ግን ብዙ መሆኑ ነው። ለምሳሌ 60 ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መሥመር ተከራይቶአል እንበል። መቶ ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በጥሩ ጥራት የሚታይ አንድ ፊልም በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ያህል ስለሚፈልግ፥ 20 እንግዶች ብቻ ከእራት በኋላ ፊልም ማየት ቢጀምሩ መሥመሩ በሙሉ ተያዘ ማለት ነው። የቀሩት እንግዶች እርስ በርሳቸው ይሻማሉ።

በዚህ ላይ የሰዓቱ ነገር አለ። ዴልሂ ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ተኩል ይቀድማል። በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሆኖ ሰው ከሥራ በሚወጣበትና «እስቲ እናታችንን እንጠይቅ» ብሎ ስልክ በሚያነሣበት ጊዜ፥ በዴልሂ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ይህም የሆቴሉ እንግዳ ሁሉ ወደ ክፍሉ ገብቶ ፊልም የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የዘመድ ናፍቆትና የሆቴሉ ጥበት ባንድ ሰዓት ይገናኛሉ። ቀጠሮው በዴልሂ ከጧቱ 4 ሰዓት ተኩል ቢሆን ግን በአዲስ አበባ ከጧቱ 2 ሰዓት ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ አብዛኛው እንግዳ ወደ ጉዳዩ ወጥቶ ስለሚውል መሥመሩ ሰፋ ይላል። ያለ ምንም ወጪ፥ ሰዓትን በመለወጥ ብቻ ብዙ ችግር ይቃለላል።

ሁለተኛው ምክንያት የሞገዱ ጠባይ ነው። የዋይፋይ መሣሪያዎች በብዛት የሚሠሩባቸው ሁለት የሞገድ መደቦች አሉ፤ እነርሱም 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ ይባላሉ። የመጀመሪያው ግድግዳ አልፎ ርቆ ይሄዳል፤ ነገር ግን ዝግ ያለና የጎረቤት መሣሪያ ሁሉ የሚያጨናንቀው ነው። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። የድንጋይ ግንብ፥ ብረት የገባበት ሲሚንቶ፥ ትልቅ መስተዋትም ሁለቱንም ያውካሉ። በብዙ ሆቴሎች መሣሪያው የሚሰቀለው በክፍሎቹ ውስጥ ሳይሆን በመተላለፊያው ጣራ ላይ ስለ ሆነ፥ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ይልቅ በበሩ አጠገብ መቀመጥ ይሻላል። ብዙዎች ግን እንደ ሞባይል ስልክ ምልክት መስሎአቸው ወደ መስኮቱ ይጠጋሉና ነገሩን ያብሱታል።

ሦስተኛው ምክንያት የመግቢያው ደጅ ነው። በብዙ ሆቴሎች ስልካችሁ ከዋይፋዩ ጋር ከተገናኘ በኋላ አንድ ገጽ ይከፈትና የክፍል ቁጥርና የቤተ ሰብ ስም ጻፉ ይላል። በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የራሱ የሆነ እንቅፋት ያጋጥመዋል። በእኛ ልማድ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ እንደ ፈረንጆቹ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚሆን ስም የለውም። የሆቴሉ ጸሐፊ ከፓስፖርቱ ላይ አንዱ የአባትን፥ አንዱ የአያትን ስም፥ አንዱም ሁለቱን አጋጥሞ ይመዘግባል። መንገደኛው የአባቱን ስም ቢጽፍ፥ በመዝገቡ ላይ ያለው የአያቱ ስም ከሆነ ደጁ አይከፈትም፤ እርሱም ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ቁልፍ ስትቀበሉ «ስሜ በመዝገባችሁ ላይ እንዴት ተጽፎአል?» ብላችሁ ፊደሉን አንድ በአንድ ተመልከቱ። እንዲሁም ቪፒኤን የሚባለው መሥመርን የሚሰውር መተግበሪያ በስልካችሁ ላይ ተከፍቶ ከሆነ ይህ የመግቢያ ገጽ ሳይታይ ሊቀር ይችላልና፥ እስክትገቡ ድረስ ዝጉት። አንዳንድ ሆቴል ደግሞ ለአንድ ክፍል የሚፈቅደው ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ስልክ ገብቶ ኮምፒውተሩ ቢከለከል ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ምክንያቶቹን ካወቅን ወደ መፍትሔው እንለፍ። ሥራው የሚጀምረው ሆቴሉን ከመያዝ በፊት ነው። «ነጻ ዋይፋይ» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ቃሉ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ጥራቱ አይናገርምና። በዚያ ሆቴል ያረፉ ሰዎች በሆቴል ማስያዣ ገጾች ላይ የጻፉትን አስተያየት አንብቡ፤ ከአስተያየቱም ውስጥ ባለፉት ጥቂት ወራት የተጻፈውን ምረጡ፤ መሣሪያ ይታደሳል፥ ያረጃልምና። ከዚያ በኋላ ለሆቴሉ አጭር ደብዳቤ በኢሜል ጽፋችሁ አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፥ ዋይፋዩ የሚደርሰው በእያንዳንዱ ክፍል ነው ወይስ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ብቻ? ሁለተኛ፥ ፍጥነቱ በመቀበልም በመላክም ስንት ሜጋቢት ነው? ሦስተኛ፥ በክፍሉ ውስጥ በገመድ የሚገናኝ ኢንተርኔት አለ? አራተኛ፥ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ ይሠራል? መልሱ ግልጥ ሆኖ ከቁጥር ጋር ቢመጣ ሆቴሉ ነገሩን የሚከታተል መሆኑን ትረዳላችሁ። «አዎን፥ ዋይፋይ አለን» የሚል ብቻ ከሆነ ግን ጥያቄያችሁ አልተመለሰም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ሆቴሉን ለአሥር ቀን ባንድ ጊዜ አለመያዝ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ያዙ፤ ወይም ያለ ቅጣት የሚሰረዝበትን ውል ምረጡ። የአሥር ቀኑን ዋጋ አስቀድሞ ከፍሎ ኢንተርኔቱ አልሠራም ብሎ መማጠን ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

ሆቴሉ ከደረሳችሁ በኋላ ሻንጣችሁን ከመፍታታችሁ በፊት መሥመሩን ፈትኑ። ለዚህ የሚያገለግሉ ስፒድቴስትና ፋስት የተባሉ በነጻ የሚገኙ መለኪያዎች አሉ። መለኪያው ሦስት ቁጥር ያሳያችኋል። የመጀመሪያው የመቀበል ፍጥነት፥ ሁለተኛው የመላክ ፍጥነት፥ ሦስተኛው መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይደሰታል፤ ነገር ግን ሥራ ላለው ሰው ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥበታል፤ በሆቴሎች ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሹ እርሱ ነው።

የምርመራ ምስል ለመላክ የተቸገረውን ልጅ እንደ ገና እናስበው። የምስሉ ክብደት 300 ሜጋባይት ነው እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ ይህ 2,400 ሜጋቢት ይሆናል። የሆቴሉ የመላክ ፍጥነት በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ ሥራው 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ግማሽ ሜጋቢት ብቻ ከሆነ ግን 80 ደቂቃ ይፈጃል፤ በመካከሉ መሥመሩ ቢቋረጥ እንደ ገና ከመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያሰላ ሰው ምስሉን ሌሊት ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ይልካል፤ ወይም ሆስፒታሉ ራሱ እንዲልክለት ይጠይቃል፤ ወይም አስቸኳይ የሆነውን የሐኪሙን የጽሑፍ ቃል ብቻ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያስቀድማል። የአንድ ገጽ ፎቶግራፍ 1 ሜጋባይት ያህል ቢሆን በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መሥመር በ4 ሴኮንድ ይደርሳል። በድምፅ ብቻ ለመነጋገርም እጅግ ጥቂት ይበቃል፤ መልክን እያሳዩ ለመነጋገር ግን በሁለቱም ወገን ከአንድ እስከ ሁለት ሜጋቢት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ድምፁ ሲቆራረጥ ምስሉን መዝጋት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

ፈተናው ደካማ ውጤት ቢያሳይ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ አትቈጡም። ወደ እንግዳ መቀበያው ወርዳችሁ የመለኪያውን ቁጥር አሳዩና ለማሠራጫው መሣሪያ የሚቀርብ ክፍል እንዲለወጥላችሁ በትሕትና ጠይቁ። በሩቅ ያለ ሠራተኛ «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» የሚለውን ቃል ቸል ሊለው ይችላል፤ ቁጥር ግን ለማስተባበል ያስቸግራል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የገመድ መሰኪያ ቢኖር ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው፤ ገመድ ግድግዳም ጎረቤትም አያውከውምና። የዛሬዎቹ ቀጫጭን ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ ለዚህ ገመድ የሚሆን ቀዳዳ ስለሌላቸው፥ ትንሽ ማገናኛና አንድ አጭር ገመድ በሻንጣ ውስጥ መያዝ ይበጃል።

አሁን ዋና ወደ ሆነው ወደ ራስ ስንቅ እንምጣ። የሆቴሉ ዋይፋይ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፥ ብርቱ ጉዳይ ያለው መንገደኛ በእርሱ ብቻ መተማመን የለበትም። በሄደበት አገር ሲም ካርድ ገዝቶ፥ ወይም ኢሲም የሚባለውንና ያለ ካርድ በስልኩ ላይ የሚጫነውን አስቀድሞ አሰናድቶ መያዝ አለበት። በሕንድ አገር ሲም ካርድ ለመግዛት ፓስፖርትና ቪዛ ማሳየት ግድ ነው፤ ሥራ እስኪጀምርም ሰዓቶች ሊያልፉ ይችላሉ። በዚያው አገር ብዙዎቹ የሕዝብ ዋይፋዮች የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት በስልክ ስለ ሆነ፥ የሚሠራ ስልክ ቁጥር የሌለው እንግዳ ከደጅ ይቀራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ነገሩ ቀላል ነው። ከሰኔ 15 ቀን 2017 ጀምሮ በአንዱ የኅብረቱ አገር የተገዛ ሲም ካርድ በሌሎቹም በመጠኑ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይሠራል፤ ይህም ደንብ እስከ 2032 ተራዝሞአል። እንግሊዝና ስዊዘርላንድ ግን በኅብረቱ ውስጥ ስላልሆኑ ደንቡ አይመለከታቸውም።

አዲስ ሲም ካርድ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራውን አንድ ስሕተት እዚህ ላይ ሳላመለክት አላልፍም። ይኸውም የአገር ቤቱን ሲም ካርድ አውጥቶ መጣል ነው። ባንኮቻችን ገንዘብ ሲንቀሳቀስ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት ወደዚያ ቁጥር ነው። ልጁ የእናቱን የሕክምና ገንዘብ ለማስተላለፍ በተነሣ ጊዜ ቁጥሩ በሻንጣ ውስጥ ወዳለው ሲም ካርድ ቢላክ ማን ያነብለታል? ስለዚህ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ስልክ ያዙ፤ ከመነሣታችሁም በፊት የስልክ ድርጅታችሁ ዘንድ ሄዳችሁ ሮሚንግ የሚባለው የውጭ አገር አገልግሎት መከፈቱንና ዋጋውን ጠይቁ። ከዚያም የአገር ቤቱን ካርድ ለአጭር መልእክት ብቻ ትታችሁ የኢንተርኔት መሥመሩን ዝጉት፤ ይህ ካልተደረገ ሳታውቁት ብዙ ገንዘብ ሊቈጠርባችሁ ይችላል።

የራስን ኢንተርኔት በስልክ ሆትስፖት አድርጎ ለኮምፒውተር ማካፈልም ይቻላል። በዚህ ነገር አሜሪካን አገር አንድ የታወቀ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ናሽቪል በተባለው ከተማ የሚገኝ በማሪዮት ኩባንያ የሚመራ አንድ ትልቅ ሆቴል የስብሰባ እንግዶች የራሳቸውን ሆትስፖት እንዳይጠቀሙ በመሣሪያ ሲያግድ ተገኘ፤ በዚያው ጊዜ ለራሱ ዋይፋይ በአንድ ዕቃ እስከ 1,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። የአገሩ የመገናኛ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ በጥቅምት 2014 ኩባንያው 600,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በጥር 2015 ደግሞ ኮሚሽኑ እንዲህ ያለው እገዳ ሕግን መጣስ መሆኑን ለሁሉ አስታወቀ። ከዚህ የምንማረው እንግዳ የራሱን ስንቅ መያዙ መብቱ መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ የራስን ስንቅ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ የአገሩንም ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጋዴዎቻችን ለዕቃ ግዢ ወደ ጓንዡ ይመላለሳሉ። በቻይና የጉግል ኢሜል፥ ፌስቡክ፥ ዋትስአፕና ቴሌግራም ተዘግተዋል። ሆቴሉ የቱንም ያህል ፈጣን ኢንተርኔት ቢኖረው እነዚህ አይከፈቱም፤ ጥፋቱም የሆቴሉ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት በቻይና የሚሠራውን ዊቻትን በራሱም በቤተ ሰቡም ስልክ ላይ አስጭኖ መፈተን፥ የዕቃውንም ዝርዝርና የውሉን ወረቀት በስልኩ ውስጥ አስቀምጦ መሄድ አለበት። በሌላ አገር ሲም ካርድ በሮሚንግ የሚገኝ ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ በካርዱ አገር በኩል ዞሮ ስለሚመጣ እነዚህን አገልግሎቶች ሊከፍት ይችላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

በዱባይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች በዋትስአፕ መጻፍና የተቀዳ ድምፅ መላክ ይቻላል፤ በዚያው ደውሎ መነጋገር ግን አይቻልም። ለጥሪ የሚያገለግሉት ቦቲምን የመሰሉ መንግሥት ፈቃድ የሰጣቸው መተግበሪያዎች ናቸው። ብዙ ወገኖቻችን በዚያ አገር ስለሚሠሩና ስለሚነግዱ ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ አዲስ የሄደ ሰው ግን የሆቴሉ ዋይፋይ ተበላሸ ብሎ ሲከራከር ይውላል። ክልከላውን በቪፒኤን ለመሻገር የሚያስብም ቢኖር፥ በዚያ አገር ቪፒኤንን ለሕገ ወጥ ነገር መጠቀም ከባድ የገንዘብ ቅጣት እንደሚያስከትል ይወቅ።

በመጨረሻም ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ልበል። የሆቴል ዋይፋይ የሕዝብ መንገድ ነው፤ በሕዝብ መንገድ ደግሞ መልካም ሰውም ሌባም ይሄዳል። ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት በኅዳር 2014 ባወጣው መግለጫ፥ ዳርክሆቴል የሚል ስም የተሰጣቸው ሰርጎ ገቦች በእስያ ታላላቅ ሆቴሎች የሚያርፉ የሥራ መሪዎችን ለዓመታት ሲያጠምዱ እንደ ኖሩ ገለጠ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። እንግዳው ስሙንና የክፍሉን ቁጥር ጽፎ ዋይፋዩ ውስጥ ሲገባ፥ የታወቀ ፕሮግራም አዲስ እትም የመጣ አስመስለው «ይህን ጫን» የሚል ማስታወቂያ ያሳዩታል፤ እርሱም ሲጭነው ሰላዩን በገዛ እጁ ያስገባል። እንግዲህ ሆቴል ውስጥ ሆናችሁ «አድስ፥ ጫን» የሚል ነገር ቢመጣ አትቀበሉ፤ ማደሱን ከመነሣታችሁ በፊት በቤታችሁ ጨርሱት።

ሌባ ደግሞ የሆቴሉን ስም የሚመስል ዋይፋይ ከጎን ሊከፍት ይችላል፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ስም ከእንግዳ መቀበያው ጠይቁ እንጂ ከስልኩ ዝርዝር በግምት አትምረጡ። የድረ ገጹ አድራሻ ኤችቲቲፒኤስ በሚለው የሚጀምር ከሆነ በመካከል የሚያልፈው ጽሑፍ የተመሠጠረ ነውና መልካም ነው፤ ይህ በሌለበት ገጽ ላይ ግን የይለፍ ቃል አትጻፉ። የባንክ ጉዳይን በሆቴሉ የጋራ ኮምፒውተር ከቶ አትፈጽሙ፤ በራሳችሁ ስልክ፥ ቢቻልም በራሳችሁ ሲም ካርድ ኢንተርኔት ፈጽሙት።

እነሆ፥ ያ ልጅ ከመነሣቱ በፊት ይህን ሁሉ አሰናድቶ ቢሆን ኖሮ ያች ሌሊት በዴልሂ እንዴት ታልፍ ነበር? የሆቴሉ ዋይፋይ ያው ደካማው ነው እንበል። ልጁ መለኪያውን አይቶ የምሽቱ ሰዓት እንደማይሆን ያውቃል። የሐኪሙን ቃል ፎቶግራፍ አንሥቶ በራሱ ሲም ካርድ ይልካል፤ ለእኅቱም በተቀዳ ድምፅ «እናታችን ደኅና ናት፤ ነገ ጧት በሁለት ሰዓት ሁላችሁም ተሰብሰቡና እንነጋገራለን» ይላታል። ትልቁን ምስል ሌሊት እንዲሄድ አድርጎ ይተኛል። በማግስቱ በበሩ አጠገብ ተቀምጦ፥ መሥመሩ ሰፋ ባለበት ሰዓት፥ ቤተ ሰቡን ያነጋግራል፤ የባንኩም ማረጋገጫ ቁጥር በአገር ቤቱ ካርድ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ጊዜውን በስልኩ ዙሪያ ሳይሆን በእናቱ አልጋ አጠገብ ያሳልፋል።

የስንቅ ጥቅሙ ይኸው ነው። በሶ የያዘ መንገደኛ የሰው ቤት ቢጠብበትም ተርቦ አያድርም፤ የራሱን ኢንተርኔት ያሰናዳ መንገደኛም የሆቴሉ ማስታወቂያ ቢዋሽበት ከወገኖቹ አይለይም። እንግዲህ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ፥ ልብሳችሁን ከማጠፋችሁ በፊት ይህን ስንቅ አስቡ።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ፤ በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።